ለኢላማ ሽጉጥ ይዤ ስቆም ሰውነቴ አልረጋ አለኝ

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 9፣ ማታ 2፡15

እንዴት ዋላችሁ ጀመዓ። ደሴ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ የሠራተኞች ስፖርት ውድድር አለን። ዘንድሮ የሽጉጥ ኢላማ ተጨመረና እኔም ሳላስበው ስሜ ገባ። ሐሙስ ሐሙስ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ ከአሠልጣኝ ጋር እንለማመዳለን። ርቀቱ 25 ሜትር፣ ቆሞ ነው።

ሽጉጡን ስዘረጋ መጀመሪያ ደህና ነኝ። ከዚያ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ መወዛወዝ እጀምራለሁ። ጥይቶቼ አብዛኞቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ። እጄን ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርግ ደግሞ ይብስብኛል። ከ10 ጥይት ጥቁሩን ክብ የነካው 3 ብቻ ነው። አሠልጣኙ የሚለኝ "ቀጥ በል" ነው። ቀጥ ብያለሁ እኮ! ከዚህ በላይ ቀጥ ካልኩ የመብራት ምሰሶ ልሆን ነው።

የምታውቁ እርዱኝ።

ሸዋበር 44 · ኅዳር 9፣ ማታ 2፡31

ሽጉጡ ነው ወንድሜ። አሮጌውን ነው የሰጡህ። በሌላ ሞክር።

የቦርከና ዳር · ኅዳር 9፣ ማታ 3፡05

ኧረ ተው ሸዋበር፣ ሰው ሲስት መጀመሪያ የሚሰድበው መሣሪያውን ነው።

ወንድሜ፣ እግርህን በትከሻህ ስፋት ክፈት። ቀኝ እግርህን በትንሹ ወደ ኋላ ሳብ። ደረትህን ፊት ለፊት ለኢላማው ስጠው። ጉልበትህን ለቀቅ አድርገህ ከወገብህ በላይ ወደ ፊት ዘንበል በል። ሁለቱን ክንድህን እኩል ዘርጋ። ከላይ ሆኖ የሚያይህ ሰው ካለ ደረትህና ክንዶችህ ሦስት ማዕዘን ሆነው ይታዩታል። ሽጉጡ ሲመታህ የሚቀበለው ሙሉ ሰውነትህ ነው። ሮብ ሌተምና ብሪያን ኢኖስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተወዳዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፉት አቋቋም ነው።

ከእሱ በፊት የነገሠው የጃክ ዊቨር አቋቋም ነበር። ሰውየው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሸሪፍ ምክትል ነበር። ግራ እግር ይቀድማል፣ ግራ ክርን ይታጠፋል፣ ቀኝ እጅ ይገፋል፣ ግራ እጅ ወደ ራስ ይስባል። ሁለቱንም ሞክርና የተመቸህን ያዝ።

ጡረተኛው ሻምበል · ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ መጀመሪያ ጥያቄው ይጥራ። ውድድራችሁ በአንድ እጅ ነው በሁለት? በሁለት እጅ ከሆነ የቦርከና ዳር የጻፈልህ ይበቃል። በአንድ እጅ ከሆነ ግን ሌላ ዓለም ነው።

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 10፣ ጠዋት 2፡02

ሻምበል ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋናውን ረስቼው። በአንድ እጅ ነው። ሌላው እጅ ሽጉጡንም ክንድንም እንዳይነካ ይላል ደንቡ። እኔ ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው።

የቦርከና ዳር · ኅዳር 10፣ ጠዋት 2፡10

እንግዲያው ሌሊቱን በከንቱ ነው የደከምኩት።

ጡረተኛው ሻምበል · ኅዳር 10፣ ጠዋት 2፡45

በከንቱ አይደለም፣ ሌላ አንባቢ ይጠቀምበታል።

አንተ ልጄ፣ "ቀጥ በል" ያለህ አሠልጣኝ አልተሳሳተም። አልጨረሰልህም እንጂ። ቀጥ ማለትና መገተር ሁለት ናቸው። በአንድ እጅ ስትተኩስ ቀኝ ጎንህን ነው ለኢላማው የምትሰጠው። ክብደትህ በሁለቱ እግሮችህ ላይ እኩል ይረፍ። ጉልበትህን ወደ ኋላ አትቆልፈው። ራስህን ወደ ሽጉጡ አታዘንብል፤ አንገትህ እንደቆመ ፊትህን ብቻ አዙር። ሽጉጡ ወደ ዓይንህ ይምጣ እንጂ ዓይንህ ወደ ሽጉጡ አይሂድ።

ግራ እጅህንስ የት ነው የምታደርገው?

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡00

እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነው ሻምበል። አንዳንዴ ጡጫ ይሆናል።

ጡረተኛው ሻምበል · ኅዳር 10፣ ጠዋት 3፡08

ይኸው! ኪስህ ክተተው። ወይም አውራ ጣትህን ቀበቶህ ላይ ስካ። የተንጠለጠለ እጅ ይወዛወዛል። የተጨበጠ እጅ ደግሞ ትከሻን ያስገትራል፣ ያም ወደ ቀኙ ይተላለፋል።

ኮምቦልቻዋ · ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

ሻምበል ያሉት ልክ ነው። ፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ላይ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች እጁን ኪሱ ከቶ ሲተኩስ ዓለም ሁሉ "እንዴት ያለ ኩራተኛ ነው" እያለ ፎቶውን ተቀባበለው። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን ብር ያገኘበት ውድድር ነው። እጅን ኪስ መክተት ግን በዚህ ስፖርት ተራ ነገር ነው። አብዛኛው ተኳሽ የሚያደርገው ነው።

እኔ ውጭ አገር በነበርኩ ጊዜ አንድ ክበብ ውስጥ አራት ዓመት የአየር ሽጉጥ ተኩሻለሁ። በ10 ሜትር የሚተኮሰው ማለቴ ነው። 60 ጥይት በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። የመሃሉ 10 ቁጥር ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ አስቡት። የናንተ 25 ሜትር ላይ ኢላማው ዓለም አቀፉ ከሆነ 10 ቁጥሩ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አብሽር፣ ከኔ ይሻልሃል።

አሁን ወደ ግራ የሚሄደው ነገር። እጅህን ወደ ቀኝ መግፋት አቁም። ነገሩ ከእግር ነው። ይህን አድርግ። ሜዳው ላይ፣ አሠልጣኙ ባለበት፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እንደተለመደው ቁም። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዳለ ጣትህ ከምላጩ ይራቅ። ክንድህን ዘርጋና ዓይንህን ጨፍን። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍስ። ክንድህ ራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልግ፣ አትጫነው። ከዚያ ዓይንህን ክፈት። ሽጉጡ አሁን የሚያይበት ቦታ ሰውነትህ የመረጠው ነው። ኢላማው መሃል ላይ ከሆነ ጥሩ። ወደ ግራ ካለ ግን ክንድህን ወደ ቀኝ ብትጎትተው ጡንቻ ይዞ ነው የሚቆየው። ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይደክምና ወደ ቦታው ይመለሳል። "ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ" ያልከው እሱ ይመስለኛል።

መፍትሔው፦ ቀኝ እግርህ ባለበት ይቆይ። የኋላውን፣ ግራ እግርህን፣ ደረትህ ወደሚያይበት አቅጣጫ ትንሽ ውሰደው። የጣት ስፋት ያህል ነው፣ እርምጃ አይደለም። ሰውነትህ በሙሉ ይዞርና ሽጉጡ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ካለፈብህ ያንኑ እግር ወደ ጀርባህ አቅጣጫ መልሰው። ከዚያ እንደገና ዓይን ጨፍነህ ሞክር። እኔ በየልምምዱ መጀመሪያ ይህን አራት አምስት ጊዜ ሳላደርግ አንድም ጥይት አልተኮስኩም።

ሸዋበር 44 · ኅዳር 10፣ ማታ 1፡52

ዓይን ጨፍኖ መተኮስ! ጉድ ነው።

ኮምቦልቻዋ · ኅዳር 10፣ ማታ 1፡58

መተኮስ አላልኩም ሸዋበር። ባዶ ሽጉጥ ነው። ደግመህ አንብብ እንጂ በሞቴ።

ግንበኛው · ኅዳር 10፣ ማታ 3፡40

ተኩስ አላውቅም፤ ስለ ቀጥታ ግን ትንሽ አውቃለሁ። ልጁ ቤቱ ውስጥ ቱንቢ ይስቀል። ከጣሪያ ክር አውርዶ ጫፉ ላይ ክብደት አስሮ እስኪረጋ ይጠብቅ። አራት ሜትር ያህል ርቆ በጎን ቆሞ ጣቱን ክሩ ላይ ይቀስር። ክሩ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ማን እንደሆነ ይታያል። እኛ ግድግዳ የምንፈትነው እንዲህ ነው። ሰውም ግድግዳ ነው።

ኮምቦልቻዋ · ኅዳር 10፣ ማታ 3፡51

ግንበኛው እጅህ ይባረክ! ይህን አሠልጣኜም አላሰበው።

ጣት ብቻ ግን ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ ይያዝ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ የውድድር ሽጉጥም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ክዳኑን በክሩ ላይ ያሳርፍ። 10 ሰከንድ ይያዝ፣ ያውርድ፣ ይረፍ። እስከ 15 ጊዜ።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ · ኅዳር 11፣ ጠዋት 4፡10

ሃይላንዱን እደግፋለሁ። ቤት ውስጥ በሽጉጥ ልለማመድ የሚል ካለ ይተው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። የመሥሪያ ቤት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ከሥራና ከሜዳ ውጭ ይዘኸው አትዙር። ለአንድ የስፖርት ዋንጫ ብለህ ጣጣ አትግባ።

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 11፣ ቀን 6፡30

መሣሪያው ሜዳ ላይ ነው የሚሰጠን፣ ስንጨርስ እናስረክባለን። አብሽሩ።

ቱንቢውን ዛሬ ማታ እሰቅላለሁ። እናቴ ምን እንደምትል ግን አላህ ይወቅ።

ፊዚዮ ወልድያ · ኅዳር 12፣ ማታ 2፡20

የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ነው ሥራዬ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የቆመ ሰው ሁሉ ይወዛወዛል። ጤነኛም፣ ስፖርተኛም። የቁርጭምጭሚትና የባት ጡንቻዎች ሳያቋርጡ ሚዛን ያስተካክላሉ። ስለዚህ "ፍጹም ልርጋ" ካልክ ትገተራለህ፣ ስትገተር ይብሳል። ዓላማህ መወዛወዙን ማሳነስ ነው፣ ማጥፋት አይቻልም። እግር መክፈት ይረዳል፤ ግን ከመጠን ካለፈ ዳሌ ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ሻምበል ራስህን አታዘንብል ያሉት የውበት ጉዳይ አይደለም። የሚዛን ስሜት የሚመጣው ከውስጥ ጆሮና ከዓይን ነው። ራስ ሲያዘነብል አንጎል የሚደርሰው መልእክት ይለወጣል።

ደግሞ ቡና። የደሴን ሰው ቡና አትጠጣ ማለት ከባድ ነው፤ ለልምምድ ቀን ግን ሦስተኛውን ስኒ ለማታ ብታቆየው እጅህ ያመሰግንሃል።

እትዬ ጀበና · ኅዳር 12፣ ማታ 2፡44

ቡናውንማ አትንኩብን። ከጀበና ከፍ አድርጎ ስኒ ውስጥ ሳያፈስሱ የሚቀዱ እጆች እኮ ከማንም ተኳሽ አይተናነሱም። ክርናችንን ወደ ጎናችን ጠጋ አድርገን፣ በትንፋሻችን አይደል የምንቀዳው? ልጅ እየሮጠ መጥቶ ቢነካን ግን አለቀ።

የቦርከና ዳር · ኅዳር 12፣ ማታ 3፡01

እትዬ ለውድድሩ ይመዝገቡ።

ኮምቦልቻዋ · ኅዳር 13፣ ማታ 1፡15

እትዬ ትንፋሽ ማለታቸው አስታወሰኝ። ሽጉጡን ከኢላማው በላይ ከፍ አድርገህ ቀስ እያልክ ወደ ማነጣጠሪያህ አውርደው። ሲወርድ ትንፋሽህን ከፊሉን ልቀቅና ያዝ። ምላጩን ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ውስጥ ጨርስ። ካለፈህ አትተኩስ፣ አውርድ። ትንፋሽ ሲያጥር ዓይን ይደበዝዛል፣ ልብም ይመታል። ሜዳው ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ወጥተህ እንደደረስክ አትጀምር። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ እኔ ከኮምቦልቻ ስወጣ ደረጃ መውጣት እንኳን ያስታውሰኛል።

አንድ ሒሳብ ልንገርህ፣ እኔን ያረጋጋኝ እሱ ነው። የሽጉጥህ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ በ16 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። ሰውነትህ ተወዛውዞ ሽጉጡ እንዳለ ወደ ጎን 1 ሴንቲ ቢሄድ፣ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች እንደተስተካከሉ እስካሉ ድረስ፣ 25 ሜትር ላይም ጥይቱ የሚስተው 1 ሴንቲ ነው። ይህ አሁንም 10 ቁጥር ውስጥ ነው። ሰውነትህ ረግቶ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ጎድጓዳ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል ግን 25 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ተኩል ያህል ይስታል። 10 ቁጥሩ 4 ይሆናል። ስለዚህ ሽጉጡ ኢላማው ላይ ሲንሳፈፍ ብታይ አትደንግጥ። ዓይንህ ፊተኛው ጫፍ ላይ ይሁን፣ ኢላማው ይደብዝዝ። ቁጥሩን የሚጥለው "አሁን መሃል ገባ!" ብሎ ምላጩን መንጠቅ ነው።

ግራኝ ነኝ · ኅዳር 13፣ ማታ 2፡00

እኔ ግራኝ ነኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ ገልብጬ ላንብበው?

ጡረተኛው ሻምበል · ኅዳር 13፣ ማታ 2፡25

አዎ፣ ገልብጠው። ግራኝነት እንቅፋት አይደለም። ሀንጋሪያዊው ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ጎዳው። በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን ላይ በፈጣን ሽጉጥ ወርቅ ወሰደ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። መጀመሪያ ግን ጠንካራው ዓይንህ የትኛው እንደሆነ እይ። ከእጅህ ጋር ካልተስማማ ራስህን ሳታዘንብል እንዴት እንደምታነጣጥር ከአሠልጣኝህ ጋር ተነጋገር።

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 24፣ ማታ 2፡10

ጀመዓ፣ ሁለት ሐሙስ አለፈ። ዘገባ ላቅርብ።

ዓይን የመጨፈኑን ነገር ሞከርኩት። ስከፍተው ሽጉጡ ከኢላማው ወረቀት ውጭ፣ ግራ በኩል ሣር ነበር የሚያየው። ለካ ስንት ጊዜ ሣር ሳነጣጥር ኖሬያለሁ! ግራ እግሬን ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሼ መሃል ገባ። ያን ቀን 6 ጥቁሩ ውስጥ ገቡልኝ። አሠልጣኙም ምንም አላለም፣ በኋላ ግን ሌሎቹን ዓይናቸውን ሲያስጨፍን አየሁት።

ቱንቢውም ተሰቅሏል። እናቴ መጀመሪያ ደንግጣ "ምን ሆነህ ነው ገመድ የምትሰቅል?" ብላ ጮኸች። ካስረዳኋት በኋላ ራሷ ሃይላንዱን ይዛ ሞከረች። ከኔ በላይ ረጋች። እትዬ ጀበና እውነትዎን ነው።

አሁን የቀረኝ ችግር በቱንቢው ታየኝ። ባዶ እግሬን ስሆን ደህና ነኝ። ጫማ ሳደርግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። ምንድነው?

ፊዚዮ ወልድያ · ኅዳር 24፣ ማታ 2፡35

ጫማውን ገልብጠህ ተረከዙን እየው። በጎን ስለምትቆም፣ ከተረከዝ ወደ ጣት የምትወዛወዘው ለኢላማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። ከእግር ወደ እግር የምትወዛወዘው ግን ወደ ኢላማው መቅረብና መራቅ ስለሆነ ብዙም አይጎዳህም። ስለዚህ ላንተ ተረከዝ ትልቅ ነገር ነው።

የጦሳ ስር ልጅ · ኅዳር 24፣ ማታ 2፡41

ወላሂ የሁለቱም ተረከዝ ከኋላ አልቋል። የቀኙማ ጭራሽ ሰያፍ ሆኗል። የደሴ ዳገት በላው።

ኮምቦልቻዋ · ኅዳር 24፣ ማታ 2፡50

ሶሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ የሆነ ጫማ አድርግ። ወፍራም ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ አይሆንም፣ እሱ ላይ መቆም ፍራሽ ላይ እንደመቆም ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦቲም ተው። በዓለም አቀፍ የሽጉጥ ውድድር ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ክልክል ነው፣ ድጋፍ ይሆናል ተብሎ።

የጦሳ ስር ልጅ · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 1፡20

ጫማ ሰፊው ተረከዙን አስተካከለልኝ። ለምን እንዲህ በሚሊ እንደምጨነቅ ጠይቆኝ ነገርኩት። "ተኩሱን ተወውና እግርህን አሳርፍ" አለኝ።

ዛሬ 8ቱ ጥቁሩ ውስጥ ናቸው። ከ10።

ጡረተኛው ሻምበል · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 1፡44

ጎሽ ልጄ። ሁለቱስ የት ሄዱ?

የጦሳ ስር ልጅ · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 1፡50

አንዱን ብርዱ አንቀጥቅጦኝ ነው ሻምበል፣ ጠዋት ውርጭ ነበር፣ ጃኬቴን አውልቄ ነው የተኮስኩት። ሁለተኛውን ግን እውነቱን ልናገር፣ ጊዜው አልፎብኝ ነበር። አውርጄ እንደገና መጀመር ሰው ፊት አሳፈረኝና ምላጩን ነጠቅኩት።

ኮምቦልቻዋ · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡03

እኔ ውድድር ላይ ለአንድ ጥይት አራት ጊዜ አውርጄ አውቃለሁ። የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው።

ሸዋበር 44 · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡15

ሽጉጡን ግን ቀየሩልህ አይደል?

የጦሳ ስር ልጅ · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡17

አልቀየሩም። ያው አሮጌው ነው።

ሸዋበር 44 · ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡18

እንግዲህ ዝም ልበላ።